ከትምህርት መልስ በጫጩትና ቡችላ ሱቅ ውስጥ መሥራት

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ስሆን የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። የምማረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። እንስሳት በጣም እወዳለሁ፤ ወደፊትም የእንስሳት ሐኪም ለመሆን አስባለሁ። በሰፈራችን ጫጩትና የዶሮ መኖ፣ አንዳንዴም ጥንቸልና ቡችላ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባለቤቱን ሥራ ልጠይቀው ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸግሮኛል። አባቴ በበኩሉ «በሽታ ይዘሽብን ትመጫለሽ» ይላል፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ወደ ቤት መግባቱም አልተዋጠለትም። ለመሆኑ ሕጉ በእኔ ዕድሜ መሥራትን ይፈቅዳል?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ብንጀምር ይሻላል፤ ሕጉ ይፈቅድልሻል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜያቸው 15 ዓመት ያልሞላ ልጆችን መቅጠር የሚከለክል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሆነው 18 ዓመት ያልሞላቸውን ወጣት ሠራተኞች ብሎ በልዩ ጥበቃ ሥር አስቀምጧቸዋል። በዚህ መሠረት የሥራ ሰዓትሽ በቀን ከ7 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላትም ልትሠሪ አይገባም። ዶሮ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገበያው የሚደራለት በበዓል ሰሞን ስለሆነ፣ «በበዓሉ ዕለት ጠዋት ብቅ በይልኝ» መባልሽ አይቀርም፤ ይህንን ገና ከጅምሩ ብትነጋገሩበት ኋላ ከመቀያየም ያድናችኋል። 7 ሰዓት ጣሪያው ነው እንጂ ለተማሪ የሚመከር አይደለም፤ በእኛ አስተያየት በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት በላይ መሥራት ጥናትሽን ይሻማብሻል።

ባለሱቁን ለማነጋገር ጫጩት በሚራገፍበት ወይም ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት አትሂጂ። ስትቀርቢውም «እንስሳ እወዳለሁ» በማለት አትጀምሪ፤ ይህን የማይል አመልካች የለም፤ ባለሱቁ የሚፈልገው ቡችላ የሚያቅፍለት ሳይሆን ጉዝጓዝ የሚለውጥለት ሰው ነው። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ8 እስከ 11 ሰዓት መምጣት እችላለሁ፤ መጠጫና መመገቢያ አጥባለሁ፣ ሰጋቱራ እቀይራለሁ፣ መኖ መዝኜ እሸጣለሁ፣ በፈተና ሰሞን ግን ፈቃድ እጠይቃለሁ» ብትዪው ከብዙ ውዳሴ ይልቅ ይሰማሻል። የሚቻል ከሆነ አባትሽ ወይም እናትሽ አብረውሽ ቢሄዱ መልካም ነው፤ ባለቤቱም የማን ልጅ እንደሚቀጥር ያውቃል፣ ቤተሰብሽም የት እንደምትውዪ ያያል።

ሥራውን አስቀድመሽ ብታውቂው ስለሚጠቅምሽ ከጫጩቶቹ እንነሣ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይሄዳል። ቴርሞሜትር ባይኖርም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሩሻል፤ አምፖሉ ሥር ተደራርበው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን አንጠልጥለውና አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው እየጫሩ የሚለቅሙ ከሆነ ተመችቷቸዋል። ሁሉም በአንድ ጥግ ብቻ ከታጨቁ በተቃራኒው በኩል ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ፈልጊ። በጅማ ክረምት መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ ማሞቅ የተለመደ ቢሆንም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ መስኮት ሳይከፈት ውስጥ እንዳትቀመጪ።

የአባትሽ ሥጋት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ መፍትሔ ግን አለው። ለሱቁ ብቻ የሚሆን ጋዎንና ቦቲ ጫማ ያዢ፤ ስትወጪ እዚያው አስቀምጠሽ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ይህ የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ከቤታችሁ ከማራቁም በላይ፣ እናትሽ በጓሮ ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ፈንግል በጫማና በልብስ ተሸጋግሮ የጓሮ ዶሮዎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጨርስ ይችላልና። ዶሮዎቹ ጤነኛ መስለው የሚታዩ ቢሆንም ኩሳቸው ሰውን የሚያስቀምጥ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል እጅሽን ሳትታጠቢ ምንም አትቅመሺ።

በቡችላ ላይ ደግሞ ጠንከር ብለን እንነግርሻለን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻ በተለምዶ የሚሰጠው ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ አልተከተበም። ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ «ቡችላ ነው፣ ምን ያመጣል» ሳትዪ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢው፤ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የሌለው ሲሆን፣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ይከላከለዋል። የባህል መድኃኒት እየፈለጉ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ሱቁ መድኃኒት የሚሸጥ ከሆነ፣ «ዶሮዬ አስቀምጧታል፣ ምን ልስጣት?» ለሚል ደንበኛ አንቺ መልስ አትስጪ። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በባለሙያ ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸው፤ መድኃኒቱን የወሰደች ዶሮ እንቁላልም የተወሰነ ጊዜ ሳያልፍ ሊበላ አይገባም። እንዲሁም አንድ ሰው የጦጣ ግልገል ወይም ኤሊ ይዞ ለሽያጭ ቢመጣ፣ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መነገድ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አውቀሽ እጅሽን አታስገቢ።

ውልን በተመለከተ፣ ባለሱቁ የጽሑፍ ውል ባያዘጋጅ እንኳ በሥራው በተስማማችሁ በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና የመሳሰለውን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። የሙከራ ጊዜም ቢሆን በጽሑፍ የሚደረግና ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ ሲሆን፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ «መጀመሪያ በነፃ ልይሽ» የሚል ካጋጠመሽ ሌላ ሱቅ ብትሞክሪ ይሻልሻል። ጅማ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችና መኖ መሸጫዎች አሉ፤ ሐኪም የመሆን ሐሳብሽ የምር ከሆነ እነዚህ ከቡችላ ሱቁ የበለጠ ያስተምሩሻል ብለን እናምናለን። የእንስሳት ሕክምና የሚሰጥበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነውና፣ አንድ ቀን ጎራ ብለሽ ለመግባት የትኞቹ የትምህርት ዓይነቶች እንደሚያስፈልጉ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የዶሮ መኖ ሱቅ አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ እናቱ በክረምቱ አብሮኝ እንዲሠራ ለምነውኛል። ልቅጠረው?

መልስ፦ አይቻልም፤ ክረምት መሆኑም ሆነ የእናቱ ፈቃድ ይህንን አይለውጠውም። 15 ዓመት ሲሞላው ይምጣ፤ እስከዚያው ግን እናቱ ያሳሰባቸው የልጁ ሥራ ፈትቶ መዋል ከሆነ ጥቂት ቄቦች በጓሮው እንዲያረባ ምክርዎን ይለግሱት፤ ኋላ ሲቀጥሩት ብዙ ማስተማር አይጠበቅብዎትም።