ሞተሩን ማን ይያዘው?

ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢ ከአዲስ አበባ የገዛውን ትልቅ ሞተር ሳይክል በቫን ባሕር ዳር ስለማስመጣት ጠይቆኝ በሁለት መስመር መልሼለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሞተር ሆኗል። ረጅሙን አሳጥሬዋለሁ፣ ስድብ ያለበትን ስድቡን አውጥቼለታለሁ። እንግዲህ በአንድ ላይ እንየው።

«ሚኒባስ ውስጥ ይገባል ወይ?»

ጠያቂው የአባይ ማዶ ወጣት ነው። ቢኤምደብሊው ጂኤስ 1200 ገዝቷል። ጓደኛው ወንበሩ የወጣለት ሚኒባስ አለው። «ውስጡ ሰፊ ነው፣ አይቼዋለሁ» ይለኛል።

አይተኸዋል፤ ለክተኸዋል ወይ? ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው። ርዝመቱ አያስቸግርህም። የሚያስቸግርህ ቁመቱ ነው። ሰው ሁሉ የሚለካው የመኪናውን የውስጥ ጣሪያ ነው። ሞተሩ ግን የሚገባው በኋላ በር ነው፣ የበሩ አፍ ደግሞ ከጣሪያው ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ሞተሩ መወጣጫው ላይ ሳለ ፊቱ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ የነፋስ መከላከያው ሜዳ ላይ ከለካኸው ከፍ ብሎ ነው በሩን የሚያገኘው። መከላከያው የሚሰነጠቀውም እዚህ ጋ ነው።

ሜትር ይዘህ ሂድና የበሩን አፍ ለካ። መኪናው ሃይሩፍ ከሆነ መከላከያውን ፈትተህ ብዙ ጊዜ ይገባል። ጣሪያው ዝቅ ያለው ዓይነት ከሆነ ግን ጓደኛህንም ራስህንም አታድክም፣ አይሱዙ ፈልግ።

«1 ሜትር ከ20 የሆነ ጣውላ አለኝ። ይበቃል?»

አይበቃም። የሽምብጡ ወንድሜ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የመኪናው ወለል ከመሬት 60 ሳንቲም ከፍ ይላል እንበል፣ ሞተሩ ደግሞ 240 ኪሎ። ባንተ ጣውላ ላይ ሞተሩን ወደ ላይ ለመግፋት የ120 ኪሎ ያህል ኃይል ትፈልጋለህ። ጣውላው 2 ሜትር ከ40 ቢሆን 60 ኪሎ ይበቃሃል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

ረጅም ጣውላ ካጣህ መኪናውን አንቀሳቅስ። የኋላ ጎማው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ከፍ ካለው በኩል ይምጣ። የጣውላውን የላይኛው ጫፍ ከመኪናው ጋር እሰረው፤ ሞተሩ መሐል ሲደርስ ጣውላው ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ጊዜ አለ። ለሚገፋው ሰው እግር ደግሞ ሁለተኛ ጣውላ ከጎን አስቀምጥ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳውና ሞተሩ ጣውላው ላይ ወጥቶ፣ ሰውየው መሬት ላይ ቀርቶ፣ ክንዱ እየተወጠረ ይገፋል።

መሐል ላይ መቆም ካስፈለገ በፊት ፍሬን ብቻ አትተማመን። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ የፊት ጎማው ተይዞም ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል።

«ነድቼው ብገባስ?» ያልከውን እንዳላነበብኩት ቆጥሬዋለሁ።

«የወንድሜ ልጅ ከኋላ ሆኖ ይዞት ይምጣ ብያለሁ»

ይህን የጻፉልኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ናቸው። ለልጃቸው ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ገዝተውለታል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨዋ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ ገመድ አለን፣ የወንድሜ ልጅ ጉልበተኛ ነው፣ ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ ይይዘዋል፤ ሌላ ምን ይጎድለናል?

ጋሼ፣ ልጁን ከፊት ያስቀምጡልኝ። የተቀረውን ሁሉ ቢረሱት ይህቺን አይርሱብኝ።

«ይዞት ይመጣል» የሚባለው ነገር አገር የለመደው ነው። ፍሪጅ ሲጫን ረዳቱ ይይዘዋል፣ አልጋ ሲጫን ወንድም ይይዘዋል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሄዱ ምንም ስለማይሆን ሁሉም የያዘው ሰውየው ይመስለዋል። ያ ሞተር 230 ኪሎ ገደማ ነው። አስፋልቱ ደርቆ ሾፌሩ ፍሬኑን ጥርቅም ቢያደርገው ሞተሩ ወደ ፊት የሚገፋው ከ150 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በዚያች ሰዓት የወንድምዎ ልጅ ራሱንም መያዝ አይችልም። ሞተሩ ወደ ጎን ከወደቀ ደግሞ ልጁ የሚቀረው በመኪናው ግድግዳና በሞተሩ መካከል ነው። መሸሻ የለውም፣ ቫን ነዋ!

መንገዱን ያውቁታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ከዚያ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት ነው፣ ሁሉም ጥምዝምዝ። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ወደ ሾፌሩ ይመጣል፣ ዳገቱ ላይ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ኩርባው ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በረሃው ውስጥ መኪናው ሲግል ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን መያዣው ማለቴ ነው፣ ሽታ ይወጣል። ልጁ በዚህ ሁሉ መሐል ቁጭ ብሎ ሞተር ይዟል። ሾፌሩ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ እርስዎ ይጨርሱት።

እንግዲህ ሰው ካልያዘው ምን ይያዘው? ማጥበቂያ ያለው ሰፊ የጭነት ቀበቶ ይያዘው። አራት ይግዙ። የናይለን ገመድ ይለጠጣል፣ ሲባጎ ይላላል፣ ቋጠሮ ደግሞ የቋጠረው ሰው ብርታት ነው፣ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። ቀበቶዎቹ የሚታሰሩበት ነገር ወለሉ ላይ ያስፈልጋል። ወንበሩ የወጣለት ሚኒባስ ከሆነ የወንበሮቹ ብሎን ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ብረት ቤት ሄደው በልኩ ቀለበት ያላቸው ብሎኖች ያስገቡላቸው። የወንበር እግር፣ የበር እጀታ፣ የመስኮት ብረት ላይ አይሰሩ።

ሁለቱ የፊት ቀበቶዎች የሚያዙት ከመሪው በታች ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች (ንዝረት የሚውጡትን ቱቦዎች) አንድ ላይ ከሚይዘው ወፍራም ብረት ነው። መሪው ጫፍ ላይ፣ እጅ የሚይዝበት ጎማ ላይ አይደለም፤ እሱ ይዞራል፣ ይጣመማል። ወደ ፊትና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳቡ። ሲጠብቁ የፊት አሞርዛተሩ ግማሽ ያህል ይስመጥ። እስከ መጨረሻው አያስምጡት፣ ዘይት የሚይዘው ጎማ ይጎዳል። ካልሰመጠ ደግሞ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ አሞርዛተሩ ይወርድና ቀበቶው ለቅጽበት ይላላል፤ መንጠቆው የሚወልቀው ያኔ ነው። ሁለቱ የኋላ ቀበቶዎች የኋለኛው ተሳፋሪ እግር ከሚያርፍበት አካባቢ ካለው የሻንሲ ብረት ተነስተው ወደ ኋላ ይሳባሉ። የፊት ጎማው ወደ ፊት እንዳይሄድ ከፊቱ ወፍራም እንጨት ወለሉ ላይ ይጠረቅ።

የጎን ካባሌቶው (ማቆሚያ እግሩ) ታጥፎ ነው ሞተሩ የሚታሰረው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። በካባሌቶ ዘንበል ብሎ ከታሰረ ያ ሁሉ የቀበቶ ጫና በአንዲት ቀጭን ብረት ላይ ያርፋል። ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ከሩብ አይበልጥ፣ የፊት መስኮቶች ከፈት ይበሉ።

ቀበቶ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለቃል። ስለዚህ ጫንጮ ሲደርሱ ይቁሙና በእጅ ይሞክሩት። ጎሐ ጽዮን ላይ ከመውረድ በፊት ደግሞ አንዴ፣ ደጀን ላይ ከወጡ በኋላ ደግሞ አንዴ። ያን ጉልበተኛ ልጅ ለዚህ ይጠቀሙበት። ከፊት ወንበር ወርዶ ያጥብቅ፣ ተመልሶ ከፊት ይቀመጥ።

ሾፌሩ «እኔ ሃያ ዓመት ጭኛለሁ፣ ሰው ይያዘው» ካለዎት ሌላ ሾፌር ይፈልጉ።

«ስፖኪዮ ይታጠፍ ወይስ ይፈታ?»

ይፈታ።

«ማርሽ ውስጥ ይሁን ወይስ ፎሌ ላይ (ያለ ማርሽ)?»

አንደኛ ማርሽ። ግን ልብ በይ እህቴ፣ ሞተሩን የሚይዘው ቀበቶው ነው። በደንብ ካልታሰረ ማርሹ አያድነውም።

«ሾፌሩ የጤፍ ጆንያ ላይ እናስተኛው አለኝ»

ጤፉስ ምን በደለ? ቤንዚኑ ከሰልባትዮው መተንፈሻ ይፈስሳል፣ ባትሪው አሲድ ያለበት ዓይነት ከሆነ እሱም ይወጣል፣ ዘይቱ ደግሞ ወደማይገባበት ይገባል። ያን ጤፍ ማን እንደሚበላው አላውቅም።

አሁን ደርሶ ከሆነና ተኝቶ ከመጣ ግን ለማስነሳት አትቸኩል። ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ የዘይቱን ልክ እይ፣ የአየር ማጣሪያውን ከፍተህ ዘይት ገብቶበት እንደሆነ ተመልከት። ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ወይም ቤንዚን ተጠራቅሞ በጉልበት ከተነሳ የውስጥ ብረት ሊታጠፍ ይችላል። ይህን ካንዴላ ፈትቶ ማየት የሚችል መካኒክ ጋ ውሰደው። ሰፈር ውስጥ ባጃጅ የሚጠግነውም ቢሆን ይህን ያውቃል።

«ባሌ ሞተሩን ሲያወርድ ወገቡን ያዘው፤ ወጌሻ ልውሰደው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሞተሩን ከአይሱዙ ላይ በእጅ አውርደውታል። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከወገቡ ወደ ግራ እግሩ ይወርዳል፣ የእግሩ ጣቶች ይደነዝዙታል።

ወጌሻ አትውሰጂው። ለወጌሻ ንቀት የለኝም፣ ግን ይህ የሚታሽ አይደለም። ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ሕመም ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ በእጅ መጎተትና መጠምዘዝ ሊያባብሰው ይችላል። ሐኪም ይየው፣ በዚህ ሳምንት ይየው። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የሚቀርብሽ ጋ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ በጭኖቹ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘው፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ከዛሉ ሳምንት አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። «ነገ ይሻለኛል» ቢልሽ አትስሚው። ይህን ለጨዋታ አልጻፍኩትም።

«መንገድ ላይ ቢጎዳ ኢንሹራንስ ይከፍላል?»

ሾፌሩ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያሳይህ የሶስተኛ ወገን ነው። እሱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለባለ ተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ የሆነው ሲሆን የተሠራው መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የጫነው ሞተር ቢሰበር ለዚያ አይደለም። የጭነት ዋስትና ለብቻው ነው የሚገባው። ዝርዝሩን የኢንሹራንስ ሰዎችን ጠይቅ፣ ሥራቸው ነው። ሊብሬውንና የሽያጭ ውሉን ደግሞ ኮፒ አድርገህ ከፊት ኪስህ ያዝ። ኬላ ላይ «የማን ነው?» መባልህ አይቀርም።

«ደቅ ደሴት ድረስ በታንኳ ይሻገራል?»

ወዳጄ፣ ታንኳ ማለት እኮ ደንገል ነው! አይሻገርም።

በትልቅ የብረት ጀልባ ከሆነ እሱ ሌላ ነው። በጠዋት ውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ሞተሩ መሐል ላይ፣ ዝቅ ባለው ወለል ላይ፣ በአራት በኩል ይታሰር። ባለ ጀልባው ማዕበል አለ ካለህ አትከራከረው።

«በድምሩ ስንት ያስወጣኛል?»

እኔ ደላላ አይደለሁም። ይህን ጥያቄ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ፣ ለሁላችሁም መልሱ ይኸው ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኪና ላይ የተዋዋላችሁት ዋጋ ሌላ፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ ሌላ ነው። ጠቡ የሚነሳው ሁልጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው። ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ስንት ሰው፣ በስንት ብር፣ መጫን ብቻ ነው ወይስ ማውረድም ጭምር የሚለውን ጨርሱ። አዲስ አበባ የጫኑት ልጆች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አያወርዱላችሁም። እዚህ የሚያወርዱትን ሰዎች አስቀድማችሁ በስልክ አግኙ፣ ጣውላውንም አዘጋጅተው ይጠብቋችሁ። ሌሊት ደርሳችሁ «ሰው ጥሩልኝ» ብትሉ የሚጠየቀው ብር የቀኑ አይደለም።