ሹመቱ ለትእዛዙ እንጂ ለሰውየው አይደለም

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፦ ሊነክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የሩትን (ሁሉን የሚችለውን የአስተዳዳሪ መለያ) ሙሉ ሥልጣን ሳይሰጡ ሰውን እንዴት ማሠራት ይቻላል? ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የእንግዳ መቀበያው የሕትመት አገልግሎት አንዳንዴ አይነሣም። ተረኛዋ እየደወለች እንዳትቀሰቅሰኝ የሩትን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። አጠፋሁ?

አጥፍተዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥፋት ቢሆንም። ወረቀቱን ይቀበሏትና የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩ። ተረኛዋ የምትፈልገው አንዲት ትእዛዝ ናት፦ የሕትመት አገልግሎቱን፣ ማለትም ካፕስን፣ እንደገና ማስነሣት። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈው ሱዶ የተባለ ፕሮግራም የሚያገለግለው ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው። ተጠቃሚዋ የራሷን የይለፍ ቃል አስገብታ የተፈቀደላትን ብቻ በሩት ስም ትፈጽማለች፤ የፈጸመችውም ይመዘገባል።

ሕጉ የሚጻፈው በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው ሱዶወርስ ፋይል ነው። እኔ ግን ዋናውን ፋይል ሳልነካ አጠገቡ ባለው «ሱዶወርስ ነጥብ ዲ» ማውጫ ውስጥ ለብቻው ፋይል መክፈትን እመርጣለሁ። አንድ መስመር አራት ነገር ይናገራል፦ ማን፣ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በማን ስም፣ የትኛውን ትእዛዝ። ትእዛዙን ከነሙሉ አድራሻው ይጻፉ፤ «ሪስታርት» የሚለውንና የአገልግሎቱን ስም ሳያስቀሩ። ሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚያቆም ትእዛዝ) ብለው ብቻ ቢተዉት ተረኛዋ ከኋላው ያሻትን ማስከተል ትችላለች፤ ሰርቨሩን ማጥፋትንም ጭምር። በአገልግሎቱ ስም ቦታ ኮከብ ምልክት ማስገባትም ከዚያ እምብዛም አይሻልም። በአዲሱ ፋይል ስም ውስጥ ደግሞ ነጥብ አይኑር፤ ሱዶ ነጥብ ያለበትን ፋይል ምንም ሳይናገር ያልፈዋል፤ እርስዎም ሕጉ ለምን እንዳልሠራ ሲፈልጉ ያመሻሉ።

የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለቡድናችን አባላት ሁሉንም ትእዛዝ ፈቅጄ «ከባሽና ከኤስዩ በስተቀር» ብዬ ትእዛዝ መጻፊያ ሼሉንና ወደ ሌላ ተጠቃሚ መለያ መሻገሪያውን ዘግቻለሁ። ይበቃል?

አይበቃም፣ እህቴ። ሁሉ የተፈቀደለት ሰው የባሽን ፋይል በሌላ ስም ገልብጦ በአዲሱ ስም ያስነሣዋል። የሱዶ መመሪያ ራሱ በዚህ ዓይነት ክልከላ እንዳትተማመኚ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ከሩት በስተቀር በማንኛውም ተጠቃሚ ስም» የሚል ሕግ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የተጠቃሚ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አንድ ብሎ በመስጠት ብቻ ሩት መሆን እንደሚቻል ተደርሶበታል፤ ስሕተቱ በ1.8.28 እትም ታረመ። የሚፈቀደውን ዘርዝሪ፤ የማይፈቀደው ተዘርዝሮ አያልቅም።

ግሽ ዓባይ አካባቢ የኮምፒውተር ማእከል አለኝ። ሠራተኛዬ የድረ ገጽ ሰርቨሩን ማዋቀሪያ ፋይል ብቻ ቪም በተባለው የጽሑፍ አርታዒ እንዲከፍት ፈቅጄለታለሁ፤ አድራሻውንም በሙሉ ጽፌያለሁ።

ፋይሉን አጥብበዋል፤ ቪምን ግን አላጠበቡትም። ቪም በሩት ስም ከተከፈተ በውስጡ የሚደረገው ሁሉ በሩት ስም ነው። ሠራተኛዎ እዚያው ሳለ ሁለት ነጥብና ቃለ አጋኖ አስቀድሞ የሼሉን ስም ቢጽፍ ሙሉ ሩት ሆነ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ በተለመደው አሠራር የሚቀረው ግን ያንን ፋይል በቪም መክፈቱ ብቻ ነው። የጽሑፍ ማንበቢያው ሌስም ሆነ የፋይል መፈለጊያው ፋይንድ ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

በቪም ፋንታ ሱዶኤዲትን ይፍቀዱለት። ሱዶኤዲት የፋይሉን ጊዜያዊ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ቪም የሚከፈተው በሠራተኛው በራሱ ስም ነው፤ ሲጨርስ ሱዶ የታረመውን ወደ ቦታው ይመልሳል። በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አይረጋጉ። የሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል የትኛው ተጨማሪ ሞጁል እንደሚጫን የሚወስን ከሆነና ሰርቨሩ ሥራውን በሩት ስም የሚጀምር ከሆነ፣ ፋይሉን መጻፍ የቻለ ሰው ዞሮ ዞሮ ሩት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን የምፈቅድለት የድረ ገጹን ይዘት የያዘውን ማውጫ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተራ የቡድን ባለቤትነት ይበቃል፤ ሱዶም አያሻም።

ሲስተምሲቲኤል «ስታተስ» የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ የፈቀዳችሁ ሌሎች አንባብያንም ይህን ልብ በሉ። ከ247 በፊት በነበሩት የሲስተምዲ (ሲስተምሲቲኤል የሚያዝዘው የአገልግሎት አስተዳዳሪ) እትሞች ውጤቱ በሌስ ሲከፈት በዚያው በኩል ወደ ሩት መሻገሪያ ነበረ።

ሠራተኞቼ ፕሪንተር እንዲጨምሩና ዶከርን (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ክልል ለይቶ የሚያሠራውን) እንዲጠቀሙ ሱዶ ያስፈልጋቸዋል?

ኡቡንቱ በተባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ ለፕሪንተሩ ኤልፒአድሚን ወደሚባለው ቡድን ማስገባት በቂ ነው። የዶከር ቡድን ግን ስሙ ነው እንጂ ሥልጣኑ የሩት ነው፤ ሩት ለማትሰጡት ሰው እሱንም አትስጡ።

ሱዶወርስን በተራ አርታዒ ከፍቼ አበላሸሁት። አሁን ሱዶ ጭራሽ እምቢ አለ።

የግራፊክ ገጽ ካለዎት የሱዶወርስ ማረሚያ የሆነውን ቪሱዶን ፒኬኤግዜክ በተባለው ሌላ የሥልጣን ማግኛ ትእዛዝ ያስነሡና ያርሙት፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚታየው የግራብ ዝርዝር የማገገሚያውን አማራጭ ይምረጡ። ከእንግዲህ በቪሱዶ ብቻ ይክፈቱት፤ የአጻጻፍ ስሕተት ካለ ሳያስጠነቅቅ አያስቀምጥም።

የቀድሞው የኮምፒውተር ሠራተኛችን ለቋል። ሥልጣኑን እንዴት ልግፈፈው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሱዶ ቡድን ማስወጣት የመጀመሪያው ነው፤ ሬድ ሃት በተባለው ሌላ የሊነክስ ዓይነት ላይ ቡድኑ ዊል ይባላል። በሱዶወርስ ነጥብ ዲ ውስጥ በስሙ የተጻፈ ሕግ እንዳይቀር፣ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) የሚገባበት ቁልፍም በሌላ ተጠቃሚ መለያ ሥር እንዳይገኝ ይፈትሹ። ታሪኩን ኡቡንቱ ላይ «ኦውዝ ሎግ» ከተባለው መዝገብ ያገኙታል። በሱዶ ወደ ሩት ሼል የመግባት ልማድ ከነበረው ግን መዝገቡ ከመግቢያው በኋላ የሠራውን አይነግርዎትም።

ዘጌ ያለው ቢሯችን ኢንተርኔት ደካማ ነው። ሰርቨሩን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አላደስነውም። ሱዶ የተፈቀደለት ሰው ስለሌለ ችግር የለውም አይደል?

አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይፋ የሆነው የሱዶ ቀዳዳ ምንም ፈቃድ የሌለውን ተጠቃሚ እንኳ ሩት ያደርግ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ማንም ሳያየው በውስጡ ኖሯል። የእናንተ ሰርቨር እርማቱ ከመውጣቱ በፊት የቀረ ነው። ለያዛችሁት የሊነክስ እትም የታረመውን የሱዶ ጥቅል ባሕር ዳር ላይ በፍላሽ አውርዳችሁ በሚቀጥለው ጀልባ ይዛችሁት ሂዱ።