ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው

ይድረስ ለእትዬ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ለዓመታት ሳነብ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

በአጥቢያችን ኳየር 23 ዓመት አገልግያለሁ፤ 16ቱን በመሪነት። ኪቦርድ ሳይኖረን በአንድ አኮርዲዮን ዘምረናል፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ አጥንተናል። ዘንድሮ አዲስ የአምልኮ ኮሚቴ ተመረጠ። አብዛኞቹ አልቶና ሶፕራኖ ለይቼ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ዘማሪውን በ4 ምድብ ከፈሉት፤ በየእሑዱ አንዱ ምድብ ይገባል። እኔ ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ነኝ፤ መሪነቱ ቀርቶ እንደ ማንኛዋም ዘማሪ። ይህንንም ያወቅሁት በቴሌግራም ነው፤ ስሜ ከዝርዝሩ 9ኛ ላይ ተጽፎ። ከሥሩ ደግሞ «በቀሩት እሑዶች በር ላይ በመስተንግዶ ቢያግዙን» የሚል አለበት። ከ23 ዓመት በኋላ በር ላይ!

ሰብሳቢውን ባናግረው፣ ዳዊት ለመቅደስ አገልግሎት ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ሁሉም በተራው ነበር የሚያገለግለው አለኝ። አንዱ ወጣት ስለ ሌዋውያን፣ ስለ መቅደሱ አገልጋይ ነገድ፣ የሚናገረውን ዘኍልቍ 8ን ከፍቶ «ሌዋዊ እኮ 50 ሲሞላው ያርፋል» አለ። እኔ 51 ዓመቴ ነው። ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅኩና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሥርዓት ሥርዓት የሚሉ ሰዎች ታላቅን ማክበር እንዴት ይጠፋቸዋል? የዳዊትን የመዝሙር መሪ አሳፍን ከመሪነት ማን አወረደው? ሌላውን መሪ ኤማንን በር ላይ ያቆመው ማን ነው?

ተራዬ ሁለት ጊዜ ደርሶ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። የመዝሙር ደብተሩንም ጠይቀውኝ ነበር፤ የድሮዎቹን መዝሙሮች ከነዜማ ምልክታቸው በእጄ የጻፍኩበት ነው። ፈልጌ አጣሁት አልኳቸው እንጂ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱስ ትንሽ ነገር ነው።

ባለቤቴ ተይው ይለኛል። ሌላ አጥቢያ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ «ነይ፣ እኛ ጋ መሪ የለም» ይሉኛል። የ19 ዓመት ልጄ አንደኛው ምድብ ውስጥ ትዘምራለች፤ ጥናቱንም ወዳዋለች። እሷን ይዤ ብወጣ ጥፋት ይሆንብኛል?

ያዘነች እህትዎ


እህቴ፦

በዕድሜ ታላቅሽ ስለሆንኩ አንቺ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ከደብተሩ ልጀምር፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። ጠፋ ብለሽ ዋሸሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች የሚዘምሩትን ፈልገው መጡ፣ አንቺ መሳቢያ ቆለፍሽባቸው።

የጠቀሱልሽን ታሪክ ከመጀመሪያው አንብቢው። 1ኛ ዜና መዋዕል 23 የሚከፈተው ዳዊት ሸምግሎ፣ ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጁን ሰሎሞንን ሲያነግሥ ነው። 38,000 ሌዋውያን ተቆጥረው 24,000ው በቤቱ ሥራ ላይ፣ 6,000ው ሹማምትና ፈራጆች፣ 4,000ው በረኞች፣ 4,000ው በዜማ ዕቃ የሚያመሰግኑ ሆነው የተመደቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ መቅደሱን አንተ አትሠራውም ተብሏል፤ ያ ሽማግሌ ግን ደጁን በማይረግጠው ቤት ማን መቼ እንደሚዘምር ይጨነቃል። ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ የቤቱን አሠራር፣ የወርቁንና የብሩን ዕቃ ሚዛን፣ የካህናቱንና የሌዋውያኑን ሰሞን፣ የአገልግሎት ተራቸውን፣ ሳይቀር ለልጁ ያስረክበዋል። በጽሑፍ ነው ያስረከበው፣ እህቴ።

አባቴ የገጠር ቄስ ነበሩ። ሰሞነኛ ሲሆኑ ሳምንቱን ቤታችን አያድሩም። ሰሞናቸው ሲያልቅ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ይመጡና ቡናው አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቴ «ማን ገባ?» ትላቸዋለች። የተረኛውን ስም ሲነግሯት ፊታቸው ላይ የነበረውን እረፍት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ስለ አገልግሎት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከዚያ ፊት ነው፤ ስለዚህ ላንቺ አላደላልሽም።

ስለ ኤማን ጠይቀሻል። ኤማን 14 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ነበሩት። የእሱ፣ የአሳፍና የሦስተኛው መሪ የኤዶታም ወገኖች፣ መዝሙር የተማሩት ሁሉ 288 ነበሩ፤ በ24 ሰሞን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ገቡ። «ታናሹና ታላቁ፣ አስተማሪውና ተማሪው» እኩል ዕጣ ተጣጣሉ። ፊተኛው ዕጣ ለአሳፍ ልጅ ለዮሴፍ ወጣ፤ ከኤማን ልጆች መጀመሪያ የተጻፈው ቡቅያ 6ኛ ሆነ። አንቺ ግን 9ኛ ላይ በመጻፍሽ ተከፋሽ። ኤማን ግን መሪ እንደሆነ ቀርቷል ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ልጆቹ የተማሩ ዘማሪዎች የተባሉት እሱ የሚያውቀውን አንድም ሳያስቀር ስለሰጣቸው ይመስለኛል።

የልጆቹ ጥፋት የለም አላልኩም። ዘኍልቍን ያነበበልሽ ወጣት ቁጥር 25 ላይ አቁሟል፤ 26 ላይ የ50 ዓመቱ ሌዋዊ ሸክሙን ካወረደ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር በመገናኛው ድንኳን በጥበቃ ያገለግላል። ሳቃቸው ነውር ነው። በቴሌግራም መንገራቸውም እንደዚያው፤ ጸሐፊው ሸማያ የካህናቱን ሰሞን የጻፈው በንጉሡ፣ በአለቆቹና በካህናቱ ፊት ነበር። ይህን ለሰብሳቢው ፊት ለፊት ንገሪው። አንዴ ንገሪውና ይብቃሽ።

በሩን ግን ባትንቂው። ዳዊት የመደባቸው በረኞች ቁጥራቸው ከዘማሪዎቹ እኩል ነው፤ ለየበሩም ታናሽ ታላቅ ሳይባል ዕጣ ተጥሏል። የኤማን አያት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ነቢዩ ሳሙኤል። ያ ብላቴና በሌሊት ስሙ ሲጠራ በሰማ ማግስት ምን ሠራ? ማልዶ ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። የክረምት እሑድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ጭቃ የያዘ ጫማዋን ደረጃው ላይ ስትጠርግ፣ ጃንጥላዋን ተቀብለሽ ክንዷን ደግፈሽ የምታስገቢያት አንቺ ብትሆኚ፣ የልጅ ልጁ ከመዘመሩ በፊት አያቱ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመሻል።

አሁን ወደ ልጅሽ። መልሴ አዎ፣ ጥፋት ይሆንብሻል ነው። አንቺ መውጣት ካለብሽ ብቻሽን ውጪ፤ እኔ ግን እንድትወጪም አልፈልግም። ቆሬ ሌዋዊ ነበር፤ በማደሪያው እንዲያገለግል መለየቱ አነሰውና 250 ታዋቂ ሰዎች ይዞ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሣ፤ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። ልጆቹ ግን አልሞቱም፤ ዘኍልቍ 26 ላይ በአንዲት አጭር ቁጥር ተጽፏል። የመግቢያው ጠባቂዎች የወጡት ከእነዚያ ልጆች ነው፤ ሳሙኤልና ኤማንም ከዚያው ዘር ናቸው። አንቺን ቆሬ ማለቴ አይደለም። በምትወደው ቦታ የምትዘምር ልጅ በእናቷ ቅሬታ ተጎትታ እንዳትወጣ ብቻ እለምንሻለሁ። ደስተኛ ናት ብለሽ ጽፈሻል እኮ፣ በራስሽ እጅ።

በሚቀጥለው የጥናት ቀን ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። ጠፋ ያልሽው ውሸት እንደነበር ለጠየቀሽ ሰው ንገሪው፤ ያንን ሳትናገሪ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ እንዳትመለሽ። ከዚያም ከልጆቹ ጋር ተቀምጠሽ ገጹን ግለጪ። ምልክቱ የማይገባቸው ዜማ ሲያጋጥማቸው እያንጎራጎርሽ አስጠኚያቸው።

እትዬ