ጥያቄና መልስ፦ ከኮማንደርስ የውድድር ዘመን የተረፉ ጉዳዮች

የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሆነው የዋሽንግተን ኮማንደርስ እ.ኤ.አ. የ2024 የውድድር ዘመን ፊላደልፊያ ባደረሰበት ሽንፈት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የአንባቢያን ጥያቄ ግን አላባራም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከእግር ኳስ በቀር ሌላ ኳስ አናይም ሲሉ ኖረው፣ ልጆቻቸው የኮማንደርስን ማሊያ ለብሰው ሳሎኑን ሲይዙባቸው ሳይወዱ ወደ ጨዋታው ገብተዋል። የደረሱኝን ደብዳቤዎች አሳጥሬ፣ የአንዳንዶቹንም ቁጣ አለዝቤ እነሆ እመልሳለሁ።

አንድ አንባቢ ቡድኑ በአንድ የውድድር ዘመን ስንት ጨዋታ እንደሚያደርግ ጠይቀዋል።

በ18 ሳምንት ውስጥ 17፤ አንዷ ሳምንት የዕረፍት ናት። ፕሌይኦፉ፣ ማለትም የተሻሉት ቡድኖች ለዋንጫ የሚያደርጉት ጥሎ ማለፍ፣ ከዚህ ውጪ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ የጻፉ አንድ አባት፣ በ2023 ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ ያሸነፈ ቡድን በዓመቱ 12 ማሸነፉ «ገንዘብ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?» ይላሉ።

ገንዘብማ አለ። በጆሽ ሃሪስ የሚመራው የባለሀብቶች ቡድን ኮማንደርስን በ2023 የገዛው በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይሁን እንጂ ቡድኑ በሚጫወትበት ሊግ በኤን ኤፍ ኤል የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ ስላለው ሀብታም ባለቤት እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ኮከብ በኮከብ ላይ መደርደር አይችልም። ለውጡን ያመጣው መጀመሪያ ነገር ራሱ ውድቀቱ ነው፤ በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው በውጤት ለወረደ ቡድን በመሆኑ፣ ዋሽንግተን በ2024 ሁለተኛ ተራ ደርሶት ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳሱን የሚያቀብለውን ተጫዋች) ጄይደን ዳንኤልስን ወሰደ። ወጣት ተመራጭ ደመወዙ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ በተረፈው ገንዘብ እንደ ቦቢ ዋግነርና ዛክ ኤርትዝ ያሉ ልምድ የጠገቡ ተጫዋቾችን አመጣ፤ አሰልጣኙም ዳን ክዊን ሆነ። ዳንኤልስ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ቡድኑ በፕሌይኦፍ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን በሜዳው 45 ለ 31 አሸንፎ ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮንፈረንሱ (ለሊጉ አንድ ግማሽ) ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጣው።

አዲስ አበባ ሆነው የሚከታተሉ ወጣት፣ የ60 ደቂቃ ጨዋታ ለምን ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅና ሰዓቱም ለምን እንደሚቀያየርባቸው ይጠይቃሉ።

ኳስ ሳይያዝ መሬት ሲወድቅና ቡድኖቹ ዕረፍት ሲጠይቁ ሰዓቱ ይቆማል፤ የቀረው ማስታወቂያ ነው። ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ እናንተ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይደርሳል፤ አሜሪካኖቹ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። የሰኞ ምሽቱን ጨዋታ ለማየት ግን ሌሊቱን መንቃት ግድ ነው፤ በማግስቱ ሥራ ካለብዎት አልመክርም።

የፎልስ ቸርች ባልና ሚስት በቺካጎ ላይ ስለተቆጠረው የመጨረሻ ሰከንድ ታችዳውን (ኳሱን ከተቃራኒው የጎል መስመር አሳልፎ የሚገኝ ነጥብ) ተከራክረው «ይዳኙን» ብለዋል። ባል ዕድል ነው ይላሉ፤ ሚስት ልጁ የተባረከ ነው ይላሉ።

ሁለታችሁም ቺካጎን ረስታችኋል። ኦክቶበር 27 ቀን ቺካጎ ቤርስ ጨዋታው ሊያልቅ 25 ሰከንድ ሲቀረው 15 ለ 12 መራ። ሰዓቱ ላይ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ የቺካጎ ተከላካዮች ወደ ኋላ ርቀው ቆመው የኮማንደርሱ ቴሪ መክሎሪን 13 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ያህል ያለ ሙግት እንዲወስድ ፈቀዱለት፤ ኳሱ ቺካጎ የጎል መስመር 52 ያርድ ቀረው፣ ሰዓቱ ላይም 2 ሰከንድ ቀረ። ያቺ በቸልታ የተለቀቀች ቅብብል ባትኖር የዳንኤልስ ክንድ እዚያ ባልደረሰ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ቪዲዮውን አቁማችሁ ተመልከቱ። ዳንኤልስ 12 ሰከንድ ያህል ከአሳዳጆቹ እያመለጠ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፣ የቺካጎው ተከላካይ ታይሪክ ስቲቨንሰን ጨዋታው ሲጀመር ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ እየፎከረ ነበር፤ ዘግይቶ ሮጦ ከተጨናነቁት ጋር ተቀላቀለና ኳሱን የነካው እሱ ራሱ ሆነ። ኳሱ ከተንጠራሩት እጆች ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሲወርድ፣ ማንም ያልያዘው የኮማንደርሱ ኖዋ ብራውን ከኋላ ብቻውን ቆሞ ተቀበለው፤ 18 ለ 15። ዕድልም፣ የልጁ ብልሃትም፣ የተቃራኒው ንዝህላልነትም አለበት። ማናችሁም አልረታችሁም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዳንኤልስ ያን ቀን የተጫወተው በተጎዳ ጎድን መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

አንድ ሾፌር የዓመት ትኬታቸውን በትርፍ ሸጠው ግብር ይከፈልበት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ትርፍ ገቢ ነው፤ ዝርዝሩን የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ሌላ አንባቢ ኮማንደርስ ከ2024 ቀጥሎ ባለው ዘመን ዋንጫ ይበላል ብለው ገንዘብ ለማስያዝ ምክሬን ይሻሉ።

ከማስያዝዎ በፊት በ2024 ዘመን የተገኙትን 12 ድሎች ይቁጠሩ። ስምንቱ የተገኙት በ6 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ነው፤ ኒውዮርክ ጃያንትስን 21 ለ 18 ያሸነፉት ራሳቸው አንድም ታችዳውን ሳያስቆጥሩ በሰባት ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ በሚገባ ኳስ) ነበር፣ ኒው ኦርሊንስንም የረቱት 20 ለ 19 ነው። እንዲህ በክር ላይ የተንጠለጠለ ውጤት በሚቀጥለው ዓመት ወደየትኛውም ወገን ሊዞር ይችላል። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ባለቤቴ እንዳታውቅ» ያሉት ነገር ግን የስፖርት ጥያቄ አይደለም። በቁማር ለተቸገሩ ሰዎች ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ውርርዱን ሳይሆን እነሱን ያስቀድሙ።

የዋሽንግተን ቡድን ለምን ሜሪላንድ ውስጥ ይጫወታል?

ከ1961 እስከ 1996 የተጫወተው በከተማዋ ውስጥ በአር ኤፍ ኬ ስታዲየም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ላንዶቨር ነው። በ2025 ኤፕሪል ቡድኑና ከተማዋ በአሮጌው ቦታ ላይ በ2030 የሚከፈት አዲስ ስታዲየም ለመሥራት መስማማታቸውን አስታውቀዋል። በዚያው ሰፈር ተከራይተው ስለ ኪራይ ጭማሪ የሰጉት ጠያቂ፣ ውላቸውን ይዘው የተከራዮች ጠበቃ ቢያማክሩ ከእኔ የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

የመጨረሻው ረጅም ደብዳቤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ነው። የ14 ዓመት ልጃቸው በትምህርት ቤቱ ቡድን የክረምት ልምምድ ላይ ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭቶ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ለጥቂት ጊዜ ፈዘዘ፣ ማታ ራሱን አመመው፣ በማግስቱ «ደህና ነኝ» አለ። አሰልጣኙ የሐኪም ወረቀት ካላመጣ አላሰልፍም ብሏል። አባት «ወንድ ልጅ ትንሽ ቢመታ ምን አለበት» ይላሉ፤ ልጁ ደግሞ «ዳንኤልስ ጎድኑ ተጎድቶ ተጫውቶ የለም ወይ?» ይላል። እናት የሚጠይቁኝ ወረቀቱን ቶሎ የሚጽፍ ሐኪም የት እንደሚገኝ ነው።

እመቤቴ፣ አይፈልጉ። የሚያስፈልግዎት ቶሎ የሚጽፍ ሳይሆን በደንብ የሚመረምር ሐኪም ነው።

የልጅዎ ክርክር ብልህ ስለሆነ በቁም ነገር እመልስለታለሁ። ዳንኤልስ ኦክቶበር 20 ቀን በካሮላይና ላይ 46 ያርድ ሮጦ ጎድኑን ተጎዳና ገና በመጀመሪያው ሩብ ወጣ፤ በሳምንቱ የሆነውን ከላይ አውርተናል። ያ የመጨረሻ ሰከንድ ኳስ እንደ ተረት እየተነገረ ጎድኑን አስረስቶናል። ቡድኑ በኅዳር ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ዳንኤልስ የመስከረሙ ዳንኤልስ አልነበረም፤ ምክንያቱ ጎድኑ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፣ በሕመም ላይ መጫወት ዋጋ አያስከፍልም ብሎ ማለፍም አይቻልም። ያም ሆኖ ጎድን ሲያም ባለቤቱ ያውቀዋል፤ ይመዝነዋል፣ ለሐኪሙም ይናገራል። በጭንቅላት ጉዳት ግን የተጎዳውና «ደህና ነኝ» ብሎ የሚፈርደው አንድ አካል ነው። ስለዚህ የልጁ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ልጅዎ ምሳሌ ከፈለገ ከዚያው የውድድር ዘመን ሌላ ምሳሌ ልስጠው። ዲሴምበር 22 ቀን ኮማንደርስ ፊላደልፊያን 36 ለ 33 ያሸነፈው ዳንኤልስ ጨዋታው ሊያልቅ 6 ሰከንድ ሲቀረው ባቀበለው አምስተኛ ታችዳውን ነው። ያን ድል ስናከብር የምንዘነጋው፣ የፊላደልፊያው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ በመጀመሪያው ሩብ በጭንቅላት መናወጥ ከሜዳ መውጣቱን ነው። ኸርትስ «እችላለሁ» ብሎ አልተመለሰም፤ ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎችም አልተሰለፈም። በሊጉ ሕግ እንዲህ ያለ ተጫዋች ደረጃ በደረጃ እየታየ፣ በመጨረሻም ከቡድኑ ነጻ የሆነ የነርቭ ባለሙያ ሳይፈቅድ አይመለስም። ኸርትስ በፕሌይኦፉ ተመለሰ፣ ኮማንደርስን በ55 ነጥብ ቀጣ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ረትቶ የሊጉን የዋንጫ ፍልሚያ ሱፐር ቦውልን በላ፣ የጨዋታው ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ሁለት ጨዋታ መቀመጡ ምን አጎደለበት?

አሰልጣኙም ግትር ስለሆነ አይደለም። በሃምሳዎቹም ግዛቶች የወጣቶችን የጭንቅላት ጉዳት የሚመለከት ሕግ አለ፤ በሜሪላንድም ጉዳት የተጠረጠረበት ልጅ ከሜዳ ይወጣል፣ ፈቃድ ያለው የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይመለስም። ልጁ ከፈቃዱም በኋላ በአንድ ቀን ወደ ግጭት አይገባም፤ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ቀላል ሩጫ፣ ቀጥሎ ያለ ንክኪ ልምምድ እያለ፣ በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት እየቆየ ያድጋል። ሕመሙ ከተመለሰ ይቆማል። የመጀመሪያው ሳይድን የሚመጣ ሁለተኛ ምት ለታዳጊ እጅግ አደገኛ ነው። ለአባቱም ይህንኑ ያንብቡላቸው፤ የጭንቅላት ምርመራ ፎቶ ንጹሕ መውጣቱም መናወጥ አልነበረም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ልጁን አስተርጓሚ አድርገው አይግቡ። መጫወት የሚፈልግ ልጅ የራሱን ሕመም ለሐኪሙ ሲተረጉም ምን እንደሚያስቀር ያውቁታል፤ «ማታ ራሱን አመመው» ያሉት ወደ «ትንሽ ደክሞት ነበር» ይለወጣል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን ያገናኙዎታል። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

እኚሁ እናት በደብዳቤው ጠርዝ ላይ፣ የ11 ዓመት እህቱም መጫወት እንደምትፈልግ ጨምረው ጽፈዋል።

ትጫወት። ፍላግ ፉትቦል በሚባለው ዓይነት ተጫዋች ተጥሎ አይወድቅም፤ ከወገቡ ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ ሲነጠቅ ጨዋታው ይቆማል። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በወንዶችም በሴቶችም ይካሄዳል። ወንድሟም ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ዳር ተቀምጦ ነጥብ ይቁጠርላት።