1955 የአሜሪካ ሳንቲም ላይ የተደረበ ቁጥር፦ የማምረቻ ስህተት ወይስ ጉዳት?

ወንድሜ፣ የ1955ቷ አንድ ሳንቲምህ ላይ 5 ቁጥር ተደርቦ እንደሚታይህና ጎኗ ላይ መስመር እንዳለ ጽፈሃል። መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ዓመቱን በደንብ እየው። እውነተኛዋ ድርብ ሳንቲም ስህተቷ የመጣው ገና ሳንቲሙ የሚመታበት የብረት ማኅተም ሲቀረጽ ነው፤ ስለዚህ አራቱም ቁጥሮች፣ እላይ ያለው ጽሑፍና "ሊበርቲ" የሚለው ቃል ጭምር በግልጽ ተደርበው፣ ሁለተኛውም ምስል እንደ መጀመሪያው ጉብ ብሎ፣ ያለ መነጽር ሁሉ ይታያሉ። የመጨረሻዋ 5 ብቻ ደብዘዝ ብላ ከተደረበች ማኅተሙ አርጅቶ ነው፣ ያን ያህል ዋጋ የላትም። ከቁጥሩ ጎን ጠፍጣፋ ደረጃ የመሰለ ነገር ካየህም ማኅተሙ ሲመታ ትንሽ ተንሸራቶ ነው፣ ለሱ ብዙ እንዳትከፍል።

መስመሩን ደግሞ በጥፍርህ ዳሰው። ከፍ ካለ ከማኅተሙ ስንጥቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ ከገባና ዳርና ዳሩ ላይ የተገፋ ብረት ካለ ግን በቃ፣ ጭረት ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ፊደሎቹን ከተጠጋ ልብስ ማድረቂያ ውስጥ ሲንከባለል የከረመ ሳንቲም ነው፤ እንዲህ ያለውን "ብርቅ ስህተት" ብለው በውድ የሚሸጡ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል።

እባክህ፣ የሚያውቅ ሰው ሳያያት እንዳትወለውላት።