ልጆችን ይዞ ባስ ማጥመድ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባስ የሚባለውን ዓሣ ከልጆቼ ጋር ማጥመድ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ታላቋ ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አራት ዓመት ተሳትፋ ጨርሳለች፤ ታናሽ ወንድሟ ገና በመጀመር ላይ ነው። እኔ እነዚያን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት ጀልባ በመንዳትና አፌን በመዝጋት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። የምናገረው አሜሪካ ውስጥ ስላለው አጠማመድ ነው። የፈቃድ፣ የመጠንና የወቅት ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የግዛታችሁን መመሪያ ሳታነቡ ውሃ ዳር አትውረዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ባስ ለማጥመድ አልፈጠነም?

ውሃ ዳር ለመውረድ አልፈጠነም፤ ለባስ ግን ፈጥኗል። ባስ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ትዕግሥት ደግሞ ከሁለት ውርወራ አያልፍም። በብሉጊል ይጀምሩ። ብሉጊል የባስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሰው መዳፍ የሚያህል፣ ዳር ዳሩን በመንጋ የሚውል፣ ያገኘውን የሚነክስ ትንሽ ዓሣ። ትንሽ መንጠቆ፣ የምድር ትል ቁራጭ፣ ከላይ ቀይና ነጭ ተንሳፋፊ ኳስ ይበቃል። ኳሷ ውሃው ላይ አንዴ ነቅነቅ፣ ሁለቴ ነቅነቅ ትልና ድንገት ትሰምጣለች። ያን ጊዜ ውሃውን ትተው የልጁን ፊት ይመልከቱ።

ቆይታውን ያሳጥሩት፤ አርባ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ልጁ «እንሂድ» ሳይል እርስዎ ቀድመው «እንሂድ» ይበሉ። «አንዴ ብቻ ልወርውር» እያለ እየለመነ መኪና ውስጥ የገባ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእርስዎ ቀድሞ ይነሣል። በብዙ ግዛቶች ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ዘንግ የሚይዝ አዋቂ ግን ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ እኔም ማጥመድ እወዳለሁ። ከልጆቹ ጋር እኩል ባጠምድ ምን አለበት?

ከስምንት ዓመት በታች ከሆኑ ዘንግዎን ቤት ይተዉት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የልጄ ክር ተወሳስቦ «አባባ ፍታልኝ» ስትለኝ፣ በእኔ ዘንግ በኩል አንድ ትልቅ ባስ እየመጣ ስለነበር «ቆይ» አልኳት። ዓሣውን አወጣሁ፣ አጠገባችን ያለ ሰው ፎቶ አነሣኝ። ፎቶው እስከ ዛሬ አለኝ። ዓሣው ትልቅ ነው፤ እኔ እስቃለሁ፤ ከኋላዬ የልጄ ጀርባ ይታያል፣ ተቀምጣ ውሃ ውስጥ ጠጠር ትወረውራለች።

ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት አዋቂ ሥራው ክር መፍታት፣ መንጠቆ ማሰር፣ ዓሣ ማላቀቅና መነጽር መፈለግ ነው። አምስተኛ ሥራ የሚሆን እጅ አይተርፈውም።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?

ለትንንሾቹ በአውራ ጣት የሚጫን አዝራር ያለው፣ ክሩ ክዳን ውስጥ የተሸፈነ ማጠንጠኛ። አዝራሩን ይጫናል፣ ዘንጉን ወደ ፊት ሲያወናጭፍ ይለቃል፤ ሌላ የሚማረው ነገር የለም። ከዚህ ዓይነቱ በ1954 የወጣው ዜብኮ 33 በብዙ አሜሪካውያን ቤት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ዕቃ ነው። ዘንጉ አምስት ጫማ አካባቢ ይሁን። የካርቱን ሥዕል የተለጠፈባቸውን መጫወቻ መሰል ዘንጎች አልወድም፤ አንድ ደህና ባስ ሲይዛቸው ይሰበራሉ፣ ልጁም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ክሩ ከሥር ተንጠልጥሎ ወደሚታየው ክፍት ማጠንጠኛ ይሻገራል። ክሩ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ የሚችል ቢሆን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ልጅ ባስ የሚይዝ አንድ ማባበያ ብቻ ምረጥ ብትባል?

ለስላሳ የፕላስቲክ ትል፣ አምስት ኢንች የሚሆን፣ ያለ ምንም የእርሳስ ማስመጫ። መንጠቆው ወገቡ ላይ ይሰካል፤ ሁለቱ ጫፎች በግራና በቀኝ ይንጠለጠላሉ። ውሃ ውስጥ ሲወርድ ሁለቱም ጫፎች እየተርገበገቡ በዝግታ ይሰምጣል፤ ባስ ይህን አይቶ ማለፍ ይከብደዋል።

ልጁ የሚማረው አለመጎተትን ነው። ይወርውር፣ ከዚያ እጁን ያሳርፍና ክሩ ውሃውን የሚነካበትን ቦታ ይመልከት። የእኔው ልጅ ድምፁን አውጥቶ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ክሩ ዝም ብሎ እየላላ ከወረደ ትሉ እየሰመጠ ነው። ክሩ ድንገት ሸርተት ካለ፣ ወይም ነፋስ ሳይኖር ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ ትሉ ባስ አፍ ውስጥ ገብቷል። የላላውን ክር ይጠቅልልና ዘንጉን ወደ ላይ ያንሣ። ብዙ ልጆች ንክሻ ማለት እጅን የሚመነጭቅ ነገር ይመስላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ባስ ትሉን ከነውሃው ምጎ ይሄዳል እንጂ አይመነጭቅም።

እግረ መንገዴን፦ የፕላስቲክ ትልን ኒክ ክሬም የሚባል ሰው ከባለቤቱ ጋር በ1949 ኦሃዮ ውስጥ፣ አክረን ከተማ፣ በቤቱ ቀቅሎ ነው የሠራው። የወላለቁትንና የተበጣጠሱትን ትሎች ውሃ ውስጥ አትጣሉ። ልጆቹ ኪሳቸው ይክተቱ፤ ልብስ ከማጠብ በፊት ኪስ መፈተሽ የእናንተ ፋንታ ነው።

ጥያቄ፦ ትልቅ አፍና ትንሽ አፍ የሚባሉትን ባሶች እንዴት እለያለሁ?

አፉ ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋ ጫፍ ከዓይኑ ወደ ኋላ ካለፈ ትልቅ አፍ ነው፤ ካላለፈ ትንሽ አፍ። ትልቅ አፉ አረንጓዴ ሆኖ በጎኑ ላይ በአግድም የሚሄድ ጥቁር መስመር አለው፤ ትንሽ አፉ ወደ ቡናማ ያደላና ጥቁር መስመሮቹ ቁልቁል ናቸው። ሁለቱ በሕግ የተለያየ መጠን ሊወሰንላቸው ስለሚችል መለየቱ ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ በጸደይ ወቅት ዳር ላይ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል ንጹሕ ቦታና ከላዩ የቆመ ባስ አየን። ልጄ ማባበያ ቢጥልበት ነውር ነው?

ያያችሁት ጎጆ ነው። ውሃው 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ወንዱ ባስ በጅራቱ እየጠረገ ያዘጋጀዋል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። አይበላም ማለት ይቻላል፤ የሚነክሰው የቀረበውን ለማባረር ነው። እሱ ከተነሣ ብሉጊሎች በደቂቃዎች ውስጥ እንቁላሉን ይለቅማሉ። በሰሜን ያሉ አንዳንድ ግዛቶች በዚህ ወቅት ባስ ማጥመድን ይከለክላሉ ወይም የተያዘው ወዲያው እንዲለቀቅ ያዛሉ፤ በደቡብ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። እኔ በተፈቀደበትም ልጆቼን አላስጥልም። መነጽራቸውን አድርገው ሆዳቸው ላይ ተኝተው ያዩታል። ልጄ አንድ ጊዜ ወንዱ ባስ አንድ ቀንድ አውጣ በአፉ አንሥቶ ከጎጆው ውጭ ሲተፋ አይቶ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ሲያወራ ከርሟል።

ጥያቄ፦ መንጠቆ በጣም እፈራለሁ። እንዴት ነው የምትጠነቀቁት?

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሦስት ነገር አደርጋለሁ። በመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ትንሽ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቄ አስተኛታለሁ፤ ያኔ ከዓሣም ከሰውም በቀላሉ ይወጣል። ውሃ ዳር ያለ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ መነጽር ያደርጋል። ልጁ ከመወርወሩ በፊት ደግሞ ወደ ኋላው ዞሮ «ሰው የለም» ብሎ ይናገራል። የሦስተኛውን ሕግ ያወጣሁት በግራ ጆሮዬ ላይ በተሰካ መንጠቆ ምክንያት ነው፤ ጥርሷ ስለተጨፈለቀች ወዲያው ወጣ፣ ልጄ ግን ከእኔ በላይ አለቀሰች። ዓይን ወይም ዓይን አጠገብ ከተሰካ ማንም እንዳይነካው፤ ክሩን ቆርጣችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ የነፍስ አድን ጃኬት ግዴታ ነው?

በፌዴራል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው እየተጓዘ ሳለ መልበስ አለበት፤ ግዛቱ የራሱ ሕግ ካለው የግዛቱ ይሠራል። በእኔ ጀልባ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ሁሉም ይለብሳል። ጃኬቱን ልጁ ላይ ካጠበቃችሁ በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ ከ26 ጫማ ያነሰ ጀልባ ነጂ በፍጥነት ሲሄድ ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የሚያያዘውን ገመድ መልበስ ይጠበቅበታል። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ አለበለዚያ ባዶ ጀልባ እየዞረ ተመልሶ ይመጣበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ የባስ ክበብ ገባች። እኔ ጀልባም የለኝ፣ ስለ ዓሣም አላውቅ። ውድድሩ ምን ይመስላል?

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኅቴ። ጀልባ ስለሌለሽ አትጨነቂ፤ ብዙ ክበቦች ጀልባ ያለው ፈቃደኛ አዋቂ ያፈላልጋሉ። አንቺ ግን ልጅሽን የሚወስደውን ሰው ቀድመሽ እወቂው፤ አንድ ቀን አብረሽ ጀልባው ላይ ውጪ፤ እንዴት እንደሚነዳም ተመልከቺ።

ቡድኑ ሁለት ተማሪና አንድ አዋቂ ነው። አዋቂው ትልቁን ሞተር ይነዳል እንጂ አያጠምድም፤ ምን ያህል ምክር መስጠት እንደሚችልም ደንቡ ይወስናል። ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ በተራ ቁጥራቸው ይለቀቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ በተቆረጠው ሰዓት ይመለሳሉ። የሚመዘነው የቡድኑ አምስት ትልልቅ ባሶች ናቸው። ስድስተኛ ሲያዝ ትንሹ ተለይቶ ይለቀቃል፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው፤ አንድ አውንስ ለማትረፍ ሁለት ልጆች ሚዛን ላይ ጎንበስ ብለው ይከራከራሉ። ከ12 ኢንች ያጠረ በብዙ ውድድሮች አይቆጠርም፤ ውሃው ከፍ ያለ ልክ ካለው ያ ይከበራል። ለዘገየ ጀልባ በብዙ ቦታ በየደቂቃው አንድ ፓውንድ ይቀነሳል። ከሁለተኛ ደረጃ በታች ላሉ ልጆችም ለብቻ የተዘጋጁ ውድድሮች አሉ። ኢሊኖይ ከ2009 ጀምሮ ባስ ማጥመድን እንደ ቅርጫት ኳስ ሁሉ የግዛት የትምህርት ቤት ስፖርት አድርጎ ሻምፒዮና ያካሂዳል። አንዳንድ ውድድሮች ለአሸናፊዎች የኮሌጅ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ይህን አስበሽ ከሆነ ግን የቤንዚኑን ሒሳብም ጎን ለጎን ያዢ።

ጥያቄ፦ ልጄ በመጀመሪያ ውድድሩ ምንም ሳይይዝ ተመልሶ ማንንም አላናግርም አለ። ምን ልበለው?

በዚያው ቀን ምንም። ባዶ እጅ መመለስ በዚህ ስፖርት አዋቂ ባለሙያዎችም ላይ ይደርሳል፤ ይህን ግን መኪና ውስጥ ብትነግረው አይሰማህም። ልጄ የመጀመሪያዋ ጊዜ ሁለት ሰዓት መንገድ ዝም ብላ መጣች፤ እኔ ደግሞ ሞኝ ሆኜ «ያን ጊዜ ወደ ድልድዩ ብትሄዱ ኖሮ» አልኩ። ሦስት ቀን ዘጋችኝ። በሁለተኛው ዓመት ተምሬ ዝም አልኩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ራሷ «ከሰዓት በኋላ ጥላው ዞሯል፣ እኛ ግን የጠዋቱ ቦታ ላይ ቀረን» አለች። ትክክል ነበረች፤ እኔም ያላየሁት ነገር ነበር። ደብተር ስጠው፤ የውሃ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ሰዓት፣ የጣለበትን ቦታ ይጻፍ። ደብተሩን ግን እሱ ካላሳየህ አትክፈት።

ጥያቄ፦ በውድድር ቀኑን ሙሉ ጀልባው ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ የዋለ ዓሣ ተመልሶ ይኖራል ወይስ ለታይታ ነው የሚለቀቀው?

በደንብ ከተያዘ አብዛኛው ይኖራል፤ በግዴለሽነት ከተያዘ ይሞታል። ዘመናዊውን የባስ ውድድር በ1967 አርካንሶ ውስጥ ቢቨር ሐይቅ ላይ የጀመረው ሬይ ስኮት ነው፤ በ1972 ደግሞ የያዛችሁትን አትግደሉ ብሎ ዓሣው በሕይወት ተመዝኖ እንዲለቀቅ አደረገ። ዛሬ የሞተ ዓሣ ያመጣ ቡድን ከክብደቱ ይቀነስበታል። ልጆቹ የሚያውቁት ይኑር፦ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በበጋ የገንዳው ፓምፕ አይጠፋም። ዓሣ የሚነካ እጅ አስቀድሞ ይረጥብ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጥልጥ ሽፋን ይልጣል። ትንሽ ባስ በታችኛው ከንፈሩ ቁልቁል ሊያዝ ይችላል፤ ትልቁን ግን ሌላው እጅ ሆዱ ሥር ገብቶ በአግድም ይያዘው፣ አለበለዚያ መንጋጋው ይጎዳል። ለፎቶ የሚበቃው ጊዜ ልጁ ራሱ ትንፋሹን መያዝ የሚችለውን ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ብንበላውስ?

በመጠንና በቁጥር ሕግ የተፈቀደውን መብላት ነውር የለውም፤ ትንንሾቹ ይጣፍጣሉ። ባስ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ ስለሆነ ትልልቆቹ ሜርኩሪ ያከማቻሉ፤ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ግዛቱ ስለዚያ ውሃ ያወጣውን ማሳሰቢያ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ የዓለምን ክብረ ወሰን እሰብራለሁ ይላል። ስንት ነው?

22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ትንሽ ያለፈ። ጆርጅ ፔሪ በጁን 2 ቀን 1932 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ሐይቅ ያዘው፤ እንደሚተረከው ወደ ቤት ወስዶ ቤተሰቡ በላው። በ2009 ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ከዚያ አንድ አውንስ እንኳ ያልሞላ ብልጫ ያለው ባስ ያዘ፤ ደንቡ ቢያንስ የሁለት አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ክብረ ወሰኑን ሁለቱ ተጋሩት። ለልጅዎ ደህና ሚዛን ይግዙለት።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ማጥመድ ትፈልጋለች፤ ትል መንካት ግን ትጸየፋለች። ላስገድዳት?

ለምን ብለው? ታላቋ ልጄ አራት ዓመት ሙሉ የተወዳደረችው አንድም የምድር ትል ሳትነካ ነው።