መሬቱን ከመከለላችሁ በፊት

ዘንድሮ ከተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ክፍል ለምትመረቁ ልጆቼ፣

ገበሬው ደን ሲጠብቅና ተራራ ሲያለማ ጥቅሙ ለሌላውም ይተርፋልና ይከፈለው የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ትሰማላችሁ። እኔም አምንበታለሁ። ግን ዕድሜዬን በእርከንና በተፋሰስ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና ነገሩ የት ላይ እንደሚሰናከል ልንገራችሁ።

ለገዳዲን ውሰዱ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚያ ግድብ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ ካለው ማሳ የታጠበ አፈር ይገባበትና ውሃው ይደፈርሳል። ለማጣራት ኬሚካል ይፈሳል፤ ወጪው የከተማው ነው። አፈሩን ማስቀረት የሚችለው ግን ላይ ያለው ገበሬ ነው። እሱ ከጠባብ ማሳው ለእርከን ቦታ ሲቀንስ ለምን በነፃ ይሁን? ኒው ዮርክ ይህ ገብቷት ነው በ1997 እ.ኤ.አ. ውድ ማጣሪያ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ ውሃዋ ከሚመጣበት ከካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ምንጩን እንዲጠብቁ ከፍላ የተስማማችው።

ኮስታ ሪካን ደግሞ ሁሉም ይጠቅሳታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የደን ሕግ አወጣች፣ በዓመቱ ከነዳጅ ግብር እየቀነሰች ለባለመሬቶች መክፈል ጀመረች። ደኗም አገግሟል። «ከፈለች፣ ደኑ ተመለሰ» ለሚላችሁ ግን ቶሎ አትመኑ። ያው ሕግ ደን መመንጠርን ከልክሏል፤ የከብት እርባታም እንደ ድሮው አያዋጣም ነበር። ደግሞ እዚያ መሬቱ የግል ነው። እኛ ጋ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ገበሬው ባለይዞታ ነው። ውሉን ሳይቀይሩ መኮረጅ አይሆንም።

ለእኛ የሚቀርበው ወላይታ ያለው ሁምቦ ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። አብዛኛው ችግኝ አልተተከለበትም፤ ጉቶው መሬት ውስጥ በሕይወት ነበርና። ካለፋችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከአንድ ጉቶ ቀንበጥ ተጠጋግቶ ይወጣል። ጠንካሮቹን ጥቂቶች ትተዋላችሁ፣ የቀረውን ትመለምላላችሁ። ምልማዩ ማገዶ ይሆናል። ሰዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብት ተሰጣቸው፤ የዓለም ባንክም ዛፎቹ ከአየር ለሚያስቀሩት 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊከፍላቸው ተዋዋለ። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ መብቱን አስቀድማለሁ። መብት የሌለው ሰው ዛሬ ተከፍሎት ነገ መሬቱ ቢወሰድ ምን ያደርጋል? ዛፉን ቆርጦ ይሸጣላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንዲያገግም ከከብት የሚከለለው ቦታ ብዙ ጊዜ የጋራ ግጦሽ ነው። የይዞታ ደብተር የያዘውን ብቻ ከመዘገባችሁ፣ ሁለት ፍየሎቿን እዚያ የምታሰማራው እናት ስም ዝርዝራችሁ ውስጥ የለም። ቦታው ሲዘጋ ግን መጀመሪያ የምትጎዳው እሷ ናት። ማታ ማታ አጥሩን አልፋ ብትገባ ማን ይፈርድባታል? ጥበቃ ቀጥራችሁ አትችሏትም። ስለዚህ ካርታ ከመሳላችሁ በፊት ቀበሌው ያሰናዳላችሁን ስብሰባ ጨርሳችሁ፣ ከብት ወደሚነዳበት መንገድ ውጡና ማን ምን እንደሚነዳ እዩ። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት መሬት ያላቸው ናቸው፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ክፍያው ትንሽ ቢሆን ሰው ይታገሳል። የማይታገሰው መዘግየቱን ነው። ፕሮጀክቱ ሪፖርት እስኪያጣራ፣ ሒሳብ ክፍሉ እስኪፈርም ሁለት ክረምት ካለፈ፣ ሦስተኛውን ክረምት እርከኑን የሚጠግን አታገኙም። ውል ስታረቅቁ የመጀመሪያውን ክፍያ ከብቶቹ ከግጦሹ በሚወጡበት ወር አድርጉት። ያቺ እናትም ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዳ ለፍየሎቿ የመውሰድ መብቷ በውሉ ላይ በስሟ ይጻፍ፤ በቃል ብቻ እንዳትተዉት።